ጊዜው ነው ወይስ ሰውየው?

በስደት አገር ስለ ቀይ ሽብር በተነሣ ቁጥር ከመካከላችን አንዱ «ምን ይደረግ፣ ጊዜው ነው» ሲል እሰማለሁ። አነጋገሩ ለሐዘንተኛ ማጽናኛ ይመስላል። በውስጡ ግን የቆየ ክርክር አለ፤ ሰው የሚያደርገውን የሚያደርገው በገዛ ፈቃዱ ነው ወይስ ዘመኑ እየነዳው?

ደርግ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነበረው። ታሪክ በማይታጠፍ ሕግ ይጓዛል፣ የመደብ ትግልም ደም ማፍሰሱ አይቀርም ይባል ነበር። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሲሰብሩ፣ ግድያ የአብዮቱ ግዳጅ ሆኖ በይፋ ታወጀ። ገዳዩም ራሱን የታሪክ መሣሪያ አድርጎ እንዲቆጥር ተፈቀደለት። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ይባላል፤ ነገር ግን ቅል ፈቃድ የለውም፣ ሰው ግን አለው።

በ1987 ዓ.ም. የደርግ ባለ ሥልጣናት ችሎት አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት የሚሠራበት የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በዚህ ነገር ላይ አስተዋይ ነበር። የታዘዘው ድርጊት ወንጀል መሆኑን እያወቀ የፈጸመ የበታች ከተጠያቂነት አያመልጥም፤ ሆኖም የታዛዥነት ግዴታ ገፋፍቶት እንደሆነ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። የዘመኑ ጫና በቅጣቱ ሚዛን ላይ ይቀመጣል እንጂ ጥፋቱን አይፍቅም ማለት ነው።

ለዚህም ምስክሮች አሉ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ቢመቻችላቸውም መንጋቸውን ጥለው መሄድን አልወደዱም፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። እርግጥ ነው፣ ሰማዕትነት ከሁሉ አይጠበቅም። በሰማዕቱና በገራፊው መካከል ግን ሰፊ ሜዳ አለ፤ ብዙ ሰው የኖረው በዚያ ሜዳ ላይ ነው፤ ዝም ያለ፣ የሸሸ፣ ጎረቤቱን የደበቀ። ዘመኑ ለሁሉም አንድ ነበር፤ ምርጫቸው ግን አንድ አልነበረም።

ነገሩ እዚህ ስደት ድረስ ተከትሎናል። አዲስ አበባ ላይ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረ ሰው አትላንታ ውስጥ በአንድ ሆቴል ተቀጥሮ ሳለ፣ በእርሱ ሥር ግርፋት የደረሰባት ሴት እዚያው ስትሠራ አወቀችው። ሦስት ሴቶች ከሰሱት፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር እንዲከፍል ፈረደበት፤ በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። ሴቶቹ ዘመኑን ለመክሰስ አልቆሙም፤ ሰውየውን በስሙ ጠርተው ከሰሱት።

እኔ እንደሚመስለኝ «ጊዜው ነው» የምንል ሰዎች የምንምረው ገዳዩን ብቻ አይደለም፤ እምቢ ያለውንም እንዘርፈዋለን። ክፋቱ የጊዜው ከሆነ ደግነቱም የጊዜው ሊሆን ነውና፣ ለቄስ ጉዲናም ሆነ ጎረቤቱን ለደበቀው ምስጋና የምናቀርብበት ምክንያት አይኖረንም። ጊዜ ሰውን ይፈትናል፤ መልሱን የሚሰጠው ግን ሰውየው ነው።