ስለ ራምቦ ነፍጦች

በአቦከርም ሆነ በሌላው የሐረር ሰፈር የአሮጌ ጠመንጃ ወሬ በተነሣ ጊዜ ሁለት ስሞች ሳይጠሩ አይቀሩም። አንደኛው ጨለንቆ ነው፤ ሁለተኛው ራምቦ ነው። ሁለቱንም አጣምሮ፣ «ይህ ፈረንጁ ራምቦ ለምኒልክ የሸጠው፣ ሐረርም የተያዘበት ነፍጥ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ ለጆሮ ይጥማል። ዘመኑን ቈጥሮ፣ ብረቱንም አገላብጦ ለሚመረምር ሰው ግን አይገጥምም፤ በዚህ አጭር ጽሑፍ ላሳይ የፈለግሁትም ይህንኑ ነው።

አርተር ራምቦ በፈረንሳይ አገር በሻርልቪል ከተማ በ1847 ዓ.ም. ተወለደ። በግጥሙ የታወቀ ሲሆን ገና በወጣትነቱ ግጥምን ፈጽሞ ትቶ በየአገሩ ዞረ፤ በ1873 ዓ.ም. የባርዴ ንግድ ቤት ሠራተኛ ሁኖ ሐረር ገባ። ያን ጊዜ ከተማው በግብፆች እጅ ነበረ። በ1878 ዓ.ም. ላባቱ ከሚባል በሸዋ ከሚነግድ ፈረንሳዊ ጋር ተዋውሎ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ጠመንጃ ለማቅረብ ወደ ታጁራ ወረደ።

ስለ ሸቀጡ ለቤተ ሰቦቹ የጻፈው ቃል የሚያስደንቅ ነው፤ ምንም አልደበቀም። ነፍጦቹ ከአርባ ዓመት በፊት ከሥራ የወጡ ባለ ካፕሱል አሮጌዎች መሆናቸውን፣ በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ አሮጌ መሣሪያ ሻጮች ዘንድ የአንዱ ዋጋ 7 ወይም 8 ፍራንክ መሆኑን፣ ለንጉሥ ምኒልክ ግን በ40 ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጡ ነገራቸው። አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። ለግመል፣ ለመንገድና ለመሪ የሚወጣው ወጪ ብዙ መሆኑንም አልዘነጋም።

እንዲህ ያለ አሮጌ ነፍጥ ብዙውን ጊዜ በአንድ ዘመን የተሠራ አይደለም። ሲወለድ ባለ ባልጩት ነበረ። ምላጩ ሲሳብ በመዶሻው አፍ የተነከሰው ባልጩት ብረት ይመታል፤ ፍንጣሪውም በጐን ባለችው ትንሽ ሳሕን ላይ ያለውን ባሩድ ያቀጣጥላል፤ እሳቱ በቀዳዳ ገብቶ በውስጥ የተጠቀጠቀውን ባሩድ ያስነሣዋል። ዝናብ በጣለ ጊዜ ግን ከዱላ አይሻልም ነበር። የአውሮፓ ሠራተኞች ሳሕኑን ነቅለው በምትኩ ጡት የምትመስል ትንሽ ቧንቧ ተከሉ፤ በእርስዋ ላይ ካፕሱል የተባለውን የመዳብ ቆብ ይደፉባታል፤ መዶሻው ሲመታት ትፈነዳለች። ሰደፉ ያው፣ አፈሙዙም ያው ነው፤ የተለወጠው የመተኰሻው ዕቃ ብቻ ነው። በተለወጠ ነፍጥ ጐን ላይ የሳሕኑ ቦታና የተደፈነው የብሎን ቀዳዳ እንደ ጠባሳ ይታያል።

ሦስተኛም ለውጥ አለ። እንግሊዞች በ1859 ዓ.ም. ገደማ በአፈሙዝ ይጐርስ የነበረውን ኤንፊልድ ከበስተኋላው ቈርጠው በጐን የሚከፈት ክዳን አበጁለት፤ በፈጠረው ሰው ስም ስናይደር ተባለ፤ የእኛም ሰዎች ሰናድር አሉት። ክዳኑን ከፍቶ ጥይት ማጕረስ ቀላል ነው፤ ቀለሁን ለማውጣት ግን ክዳኑን ወደ ኋላ ስቦ ጠመንጃውን መገልበጥ ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ጦር ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በታች በአሮጌ ሜዳ ከዓፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር የተዋጋው ይህን ይዞ ነው። ፈረንሳዮችም በዚያው ሰሞን አሮጌ ነፍጦቻቸውን እንዲሁ አድርገው ለወጡ፤ ክዳኑ የሱረት ዕቃ ስለሚመስል በሱረት ዕቃ ስም ጠሩት። እንግዲህ ባለ ክዳን ጠመንጃ ያየ ሰው የራምቦ ነው ለማለት አይቸኵል፤ ራምቦ የጻፈው ስለ ባለ ካፕሱል ነውና። በላዩ የተቀረጸው ቍጥርም ያሳስታል። ውጅግራ በምንለው በፈረንሳዩ ግራ ላይ 1874 የሚል ቢገኝ፣ ያ የሞዴሉ ዓመት ነው፤ ደግሞም በአውሮፓ አቈጣጠር እንጂ በእኛ አይደለም።

ወደ ዘመኑ ቍጥር እንመለስ። ራምቦ በታጁራ አንድ ዓመት ያህል ተቀምጦ ቀረ። ላባቱ ታሞ ወደ አገሩ ተመልሶ ሞተ፤ አብሮት ሊጓዝ ያሰበው ሶሌዬም በኤደን ሞተ። በመጨረሻ በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ ብቻውን ተነሥቶ በአፋር በረሃ አድርጎ አንኮበር የገባው በዚያው ዓመት በጥር ወር መጨረሻ ነው። የጨለንቆ ጦርነት ግን የሆነው በገና ሰሞን ነበረ። አሚር አብዱላሂ ድል ሁነው ሐረር ከተያዘች አንድ ወር ያህል አልፎ ነበር። ንጉሥ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ሲመለሱ ራምቦ ተመልክቶ ጽፏል፤ በፊታቸው በሐረር የተገኘው የግብፆች መለከት እየተነፋ፣ በኋላቸው ምርኮው ይከተል ነበር፤ ከምርኮውም ውስጥ እያንዳንዳቸውን 80 ሰዎች የተሸከሟቸው ሁለት የክሩፕ መድፎች ነበሩ። እንግዲህ የራምቦ ነፍጥ በጨለንቆ አንዲት አረር አልተኰሰም።

ይሁን እንጂ ከሐረር ጋር ያገናኘው ሌላ ነገር ነበረ፤ እርሱም ሒሳቡ ነው። በእንጦጦ የላባቱ ባለ ዕዳዎች ራምቦን ከበቡት፤ ከዋጋውም ብዙ ተቀነሰበት። ለቀረው ገንዘብ ንጉሡ በሐረር ገዢ በደጃዝማች መኰንን (በኋላ ራስ) የሚከፈል ወረቀት ሰጡት። ራምቦም ወረቀቱን ይዞ ሐረር መጣ። መኰንን በእጃቸው በቂ ጥሬ ብር ስላልነበረ በምፅዋ የሚከፈል ሐዋላ ጻፉለት፤ እርሱም በዚያው ክረምት ባሕር ተሻግሮ ሄደ። ሐረር ባልተያዘችባቸው ነፍጦች ዋጋ ተጠየቀች ማለት ነው። የከተማችን ሰው ስለ ራምቦ ሲያወራ ይህን አንሥቶ አለመናገሩ ይገርመኛል፤ ለጐብኚ የራምቦ ቤት ተብሎ የሚታየው ያማረ ቤት እንኳ ከእርሱ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ራምቦ የጫነው 2,040 ባለ ካፕሱል ነፍጥና 60,000 የረሚንግቶን ጥይት ነበረ። ባለ ካፕሱል ነፍጥ በአፈሙዙ ባሩድና አረር ይጐርሳል እንጂ ጥይት አይቀበልም። ጥይቱና ነፍጡ በአንድ ግመል ቅፍለት ተጓዙ እንጂ አንዱ ለአንዱ አልተሠሩም። ረሚንግቶን በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብፆች የተማረከው፣ በዚያው ዓመትም ሐረርን የያዘው የግብፅ ጦር ይዞት የመጣው ጠመንጃ ነው።