ድሬ ሼክ ሑሴን፤ ስለ ጥንታዊ ሕንፃዎችና ስለ ጠባቂ ቤተ ሰቦቻቸው

ከሮቤና ከጎባ ደጋ ተነሥቶ በጎሮና በሶፍ ዑመር ዋሻ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚወርድ መንገደኛ ጊኒር ደርሶ ወደ ሰሜን ቢያቀና፥ ከዋቢ ሸበሌ ሸለቆ ብዙ በማይርቅ ቆላ ላይ ድሬ ሼክ ሑሴን የምትባለውን መንደር ያገኛል። በኖራ የነጡት የመቃብር ጉልላቶች፥ ቅጥሩና በሮቹ፥ መስጊዱና የውሃ ኩሬዎቹ በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ከሚገኙት የእስልምና ቅርሶች ዋናዎቹ ናቸው። ስለ ስፍራው የጻፉ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ የመረመሩት የወልዩን ገድልና የዚያራውን ሥርዐት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የሚመረመረው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ሕንፃዎቹ እስከ ዘመናችን የደረሱት በማን እጅ ነው? የሚለው ጥያቄ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ባሌ፥ አል ዑመሪ የተባለው የዐረብ ጸሐፊ በ14ኛው መቶ ዓመት ከመዘገባቸው ሰባት የእስላም መንግሥታት አንዱ ነበረ። እንደ ትውፊቱ የሼክ ሑሴን አባቶች ከሶማሌ ጠረፍ ከመርካ የመጡ ሲሆኑ፥ ሊቃውንት የሼኩን ዘመን ወደ 12ኛው ወይም ወደ 13ኛው መቶ ዓመት ያደርሱታል። በ16ኛው መቶ ዓመት የኢማም አሕመድ ጦርነት፥ ከዚያም የኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት፥ የባሌን የቀድሞ መንግሥት ከታሪክ መድረክ አስወገዱት። የወልዩ ስም ግን ከመንግሥቱ ጋር አብሮ አልጠፋም። አገሩን የያዙት አርሲዎች ቦታውን አከበሩት፤ ጉዞውንም ወደ አባ ሙዳ ይደረግ ከነበረው የጥንት ጉዞ ጋር በሚመሳሰል ሥርዐት አጸኑት፤ «ሙዳ» ብለውም ጠሩት። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ነገር፥ ስፍራውን የሚጠብቅ መንግሥት በሌለበት ዘመን እንኳ ጠባቂ ያልጠፋለት መሆኑ ነው።

ዛሬ የሚታየው ሕንፃ ሁሉ የሼኩ ዘመን ሥራ ነው ማለት አይቻልም። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሼክ ሙሐመድ ጢልማ ጢልሞ የተባሉት መምህር ስፍራውን እንዳቀኑት፥ ከ1783 እስከ 1794 በሐረር የገዙት አሚር ዐብዱ ሸኩርም ለግንባታው እንደ ረዱ ይነገራል። ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በ1891 ራስ ዳርጌ ባሌን ይዘው አገሩ ከማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባ። በ1894 አሜሪካዊው ሐኪምና አሳሽ አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ ወደ ድሬ መጥቶ ያየውን በ1897 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጿል። የሼኩ ገድል ደግሞ «ረቢዕ አል ቁሉብ» በሚል ስም በ1927 በካይሮ ታተመ። እንግዲህ ገዢ በገዢ ሲተካ፥ የጽሑፉም መዝገብ በየዘመኑ ሲቈራረጥ፥ ያልተቋረጠው አንድ ነገር የስፍራው አገልግሎት ነው።

ይህ አገልግሎት ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ነው። ዳርጋ የሚባሉት የስፍራው ሰዎች እንግዳ ይቀበላሉ፥ ዱዓ ያደርጋሉ፥ መቃብሩንና ግቢውን ይጠብቃሉ፥ ትውፊቱንም ለልጆቻቸው ያስተምራሉ። ጋሪባ የተባሉት ተጓዦች ባላ በትር ይዘው፥ ባሕሮ የተባለውን ውዳሴ በኦሮምኛ እያዜሙ ከሩቅ አገር ይመጣሉ፤ ስእለታቸውን አግብተው፥ ጀዋራ የሚሉትን የስፍራውን አፈር ለበረከት ይዘው ይመለሳሉ። የተጓዡ ስጦታ የአገልጋዩ መተዳደሪያ ነው፤ የአገልጋዩም ድካም ሕንፃውን ያቆመዋል። ይህ ነገር፥ ንግድ ባይባልም፥ በሌላ አገር ለብዙ ትውልድ ከቆዩ የቤተ ሰብ ድርጅቶች ጋር ሊነጻጸር የሚገባው ነው፤ ሙያውም፥ ገቢውም፥ ኀላፊነቱም በአንድነት ይወረሳልና።

ኖራ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት የሚላጥ ነገር ነው። በየጊዜው የማይቀባ ነጭ ግንብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይጠቁራል፥ ውሃ ያስገባል፥ ይሰነጠቃል። እንግዲህ የድሬ ሕንፃ ዕድሜ በድንጋዩ ብቻ የሚለካ አይደለም፤ ሳይታክት ባደሰው እጅ ጭምር የሚለካ ነው። በሐረርም አዋች የሚባሉትን የወልዮች መቃብሮች ሙሪድ የሚባሉ ሰዎች በውርስ ይጠብቋቸዋል። በማሊ አገር በጄኔ ከተማ በ1907 የተሠራው የጭቃ መስጊድ በየዓመቱ በሕዝቡና በግንበኞቹ ማኅበር እየተመረገ ይኖራል። በጃፓን ደግሞ በ578 እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት ኮንጎ ጉሚ የተባለው የቤተ መቅደስ ሠሪዎች ቤት በኦሳካ የሺተንኖጂን መቅደስ ለብዙ ትውልድ ሲያድስ ኖሮ፥ በዕዳ ተይዞ በ2006 ከሌላ ድርጅት ሥር ገባ። ከዚህ ምሳሌ የምንረዳው፥ እጅግ የቆየ ቤት እንኳ ገቢው ሲናጋ ብቻውን መቆም እንደማይችል ነው።

በባሌም ገቢውን የሚያናጋ ነገር አለ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፥ በተለይም ከ1991 ወዲህ፥ የመቃብር ዚያራን ከተውሒድ ጋር የማይስማማ አድርጎ የሚያይ የሰለፊያ ትምህርት በደጋው ተስፋፋ። ኖርዌያዊው ሊቅ ቴርየ ኦስተቦ በሮቤና በአካባቢዋ ያደረገውን ምርምር በ2012 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ታሪክ በዝርዝር ጽፎታል። በሃይማኖቱ ክርክር ፍርድ መስጠት የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም፤ ከትምህርቱ የተነሣ ተጓዥ ሲቀንስ ግን ስጦታውም እንደሚቀንስ፥ አገልጋዩም የሚኖርበትን እንደሚያጣ ማስተዋል የታሪክ ተመራማሪ ድርሻ ነው።

ድሬ ሼክ ሑሴን በ2011 በዩኔስኮ ጊዜያዊ ዝርዝር ውስጥ ገባች፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ምዝገባ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚመዘገበው ግንቡ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ሁለት አደጋ ይከተላል። አንደኛው፥ ሕንፃው ለጐብኚ ተከልሎ የአገልጋዩ እጅ ከርሱ ሲለይ፥ የሚያድሰው በየዓመቱ በጀት የሚጠብቅ ሠራተኛ ብቻ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ የተቸገረ አገልጋይ ኖራውን በስሚንቶ፥ የጥንቱን ጣራ በቆርቆሮ ሲለውጥ ምክር የሚሰጠው ማጣቱ ነው። «አገልጋዮቹ ራሳቸው ሕንፃውን እየለዋወጡት አይደለምን?» የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፥ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከላይ እንዳየነው ሕንፃው ከጥንትም ጀምሮ ሲለዋወጥ የኖረ ነው። መጠየቅ የሚገባው ለውጡ በምን ዕውቀት እንደሚደረግ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የቀረበ አንድ ሥራ አለ። የግንቡ ልክ ሲወሰድ፥ የአገልጋዮቹ የትውልድ ሐረግ፥ የኖራው አሠራር፥ እያንዳንዱ እድሳት በማንና በምን ገንዘብ እንደ ተደረገም ከሽማግሌዎቹ አፍ ይጻፍ። ግንቡ ቢፈርስ ልኩ ከተጻፈ እንደ ገና ሊሠራ ይችላል፤ ጠባቂዎቹ ከተበተኑ በኋላ ግን ለሚቀጥለው ክረምት ኖራውን የሚያዘጋጅ ሰው ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው።