የጫማ ሰሪ የማስቲሽ ቆርቆሮና ብሩሽ
ቆርቆሮ፣ እንጨት፣ የደረቀ ማስቲሽ። ኢስታንቡል፣ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.)

ሶል ከቆዳ ጋር የሚጣበቀው በዚህ ነበር። ማስቲሹን ያቀጥን የነበረው ፈሳሽ ቤንዝን ይባላል፤ መኪና ከምንሞላው ቤንዚን ጋር አይምታታብዎ። ሽታው ጣፈጥ ስለሚል ሠራተኛው አይሸሸውም ነበር፤ ክፋቱም ይኸው ነው። ቶሎ ይተናል። አየር በማይገባበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ትነቱ በሳንባ በኩል ደም ውስጥ ይገባል፤ ደም የሚመረትበትን መቅኔም ይጎዳል።

ቱርካዊው ሐኪም ሙዛፈር አክሶይና ባልደረቦቹ በ1974 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ ከ28,500 ጫማ ሠራተኞች መካከል 26ቱ አጣዳፊ የደም ካንሰር ወይም የዚሁ ዋዜማ የሆነ ሕመም ይዟቸው ነበር። ይህም በሌላው ሕዝብ ላይ ከሚታየው በግልጽ ይበልጣል።

ብሩሹን ቀረብ ብለው ይመልከቱት። እጀታው አጭር ነው፤ የሚቀባው ሰው ቆርቆሮው ላይ ማጎንበስ ነበረበት።