በበዓል ስም የሚጠሩ ሴቶች ልጆች፦ በደቡብ ወሎ የአንድ ልማድ ታሪክ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ እንዲሁም ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በደጋን ሴት ልጅን በበዓል ስም መጥራት የዚህ ዘመን ፈሊጥ መስሎ ሊታይ ይችላል። በክርስቲያኑ ዘንድ ማዕዶት፣ ሆሣዕናና ቃና፣ በሙስሊሙ ዘንድ ኢስራ፣ ሰፋና መርዋ የሚሉት ስሞች ለአያቶች ጆሮ እንግዳ ናቸው፤ ወጣት ወላጆች ግን የተለመደውን ስም ሳይደግሙ ከሃይማኖታቸው ላለመራቅ ሲሹ ወደ እነርሱ ያዘነብላሉ። የአገሩን ታሪክ ለሚመረምር ሰው ግን በዓልን በስም ማሰብ አዲስ ነገር አይደለም፤ የተለወጠው ስሙ የሚኖርበት ስፍራ ነው። ቀድሞ ለቄሱና ለጸሎት የተቀመጠው፣ አንዳንድ ጊዜም በፍርሃት የተሸሸገው ስም ዛሬ በአደባባይ መጠሪያ ሆኖ በልደት ምስክር ወረቀት ላይ ሰፍሯል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በተወለደ በ40ኛው ቀን ይጠመቃል፣ ሴት ልጅ በ80ኛው ቀን ትጠመቃለች። የቁጥሩ መሠረት በኦሪት ዘሌዋውያን ስለ ወላድ መንጻት የተደነገገው ሕግና በመጽሐፈ ኩፋሌ ስለ አዳምና ስለ ሔዋን ወደ ገነት መግባት የተጻፈው ትረካ ነው። በጥምቀቱ ዕለት ካህኑ የሚሰጠው ስም የክርስትና ስም ይባላል፤ ለሴት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ወለተ ወይም አመተ በሚል ግእዛዊ ቃል ተጀምሮ በዕለቱ ወይም በዚያ ሰሞን በሚታሰበው ቅዱስ ስም ይጠናቀቃል። ወለተ ሴት ልጅ፣ አመተ ደግሞ አገልጋይ ማለት ስለሆነ፣ ወለተ መስቀል ወይም ወለተ ሚካኤል የተባለችው ሕፃን የዚያ በዓል ልጅ ሆና ትቆጠራለች። ይህ ስም በቁርባንና በተክሊል ጊዜ፣ ኋላም በፍትሐት ይጠራል፤ ከዚያ ውጭ ግን እናት፣ አባትና የክርስትና እናት ካልሆኑ በቀር ብዙ ሰው አያውቀውም። መተትና ድግምት በክርስትና ስም ይሠራል የሚለው እምነት ጽኑ ስለነበር፣ ስሙን ለባዕድ መናገር እንደ ግድየለሽነት ይታይ ነበር።

የነገሥታቱ ቤት ለዚህ ልማድ ግልጽ ማስረጃ ይሰጣል። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ የክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም፣ እቴጌ ጣይቱ ወለተ ሚካኤል ነበሩ። የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ልጅና የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ የሆኑት እቴጌ መነንም የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነበረ። እነዚህ ሴቶች በሕዝብ ዘንድ የታወቁት በዓለማዊ መጠሪያቸው ነው፤ ከበዓልና ከቅዱስ ጋር የተያያዘው ስማቸው ከጀርባ ቆይቷል።

ሴት ልጅ የምትጠመቀው በ80ኛው ቀን መሆኑ አንድ የማይስተዋል ውጤት አለው፤ የተወለደችበት በዓልና የክርስትና ስሟ በዓል እምብዛም አይገጥሙም። በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17፣ የተወለደች ልጅ የልደቷ ዕለት እንደ አንድ ከተቆጠረ 80ኛ ቀኗ ታኅሣሥ 6 ይውላል፤ ይህም ቅድስት አርሴማ ከምትታሰብባቸው ቀኖች አንዱ ነው። በጥምቀት፣ ጥር 11፣ የተወለደችው ደግሞ መጋቢት 30 ትደርሳለች። ስለዚህ መስቀልን ወይም ጥምቀትን በልጃቸው ስም ለማስታወስ የፈለጉ ወላጆች የክርስትናውን ስም ለካህኑ ትተው በዓሉን በመጠሪያው ስም መያዝ ነበረባቸው፤ መስከረምና አደይ የተባሉት ሴቶች እንዲህ በዙ። አደይ በመስከረም የምትፈነዳው ቢጫ አበባ ናት። ወንዱ ልደቱ ወይም መስቀሉ እየተባለ በዓሉን በቀጥታ ሲሸከም፣ ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ በዓሉን በወሩና በአበባው በኩል ተቀብላለች። ከዚህ ውጭ የሚቆመው ፋሲካ ነው፤ እርሱ ከጥንት ጀምሮ የወንድም የሴትም ስም ሆኖ ኖሯል።

መስቀልና ወሎ ከተነሡ ግሸንን አለማንሣት አይቻልም። በአምባሰል የሚገኘው የግሸን ደብረ ከርቤ አምባ፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት መሠረት በ15ኛው መቶ ዘመን በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ የጌታ ግማደ መስቀል ያረፈበት ስፍራ ሲሆን፣ በየዓመቱ መስከረም 21 እጅግ ብዙ ምእመናን ይሰበሰቡበታል። በዚያው በዘርዐ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት የሐድያ ሙስሊም ገዥ ልጅ የነበረች አንዲት ልዕልት እሌኒ ተብላ ገነነች፤ ስሟ መስቀሉን ከተቀበረበት ያስወጣችው የንጉሥ ቆስጠንጢኖስ እናት ስም ነው። ከእስልምና ወደ ክርስትና ለገባች ልዕልት የመስቀል በዓል ባለታሪክ የሆነችውን ንግሥት ስም መስጠት ያለ አሳብ የተደረገ አይመስልም። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ በአዲስ አበባ የተወለዱትና በኋላ በፒያኖ ድርሰታቸው በዓለም የታወቁት የውብዳር ገብሩ ወደዚሁ ግሸን መጥተው መነኑ፤ በምንኵስናም እማሆይ ጽጌ ማርያም ተባሉ። ጽጌ አበባ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር መግቢያ ድረስ ያለውን ወቅት ዘመነ ጽጌ ብላ የእመቤታችንን ስደት ታስብበታለች። የመነኵሴዋ ስም በየአገሩ የሙዚቃ አድማጮች ዘንድ ሲነሣ፣ የአንድ የኢትዮጵያ ወቅት ስም አብሮ ይጠራል።

የወሎ ታሪክ ከሌላው የአማራ ምድር የሚለየው ግን ስም በአዋጅ የተለወጠበት ዘመን ስላለው ነው። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ ብዙም በማይርቀው በቦሩ ሜዳ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በጠሩት ጉባኤ ዙሪያ የወሎ ሙስሊም መኳንንት ክርስትናን እንዲቀበሉ ተደረገ። ከእነርሱ አንዱ መሐመድ ዓሊ፣ ማለትም ከላይ የተነሡት የእቴጌ መነን አያት፣ ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። አባ ዋጠው የተባሉት አመዴ ሊበንም ኃይለ ማርያም ተባሉ። እንደ ሼኽ ጠልሃ ጃዕፈር ያሉት ዑለማዎች፣ ማለትም የእስልምና ሊቃውንት፣ አዋጁን በግልጽ ተቃወሙ። ከሕዝቡ ደግሞ ቀን በአዲሱ ስም እየተጠራ ሌሊት በቀድሞው እምነቱ የሚሰግድ ብዙ እንደነበረ ሲነገር ኖሯል። እዚህ ላይ የታሪክ ምፀት አለ፤ ክርስቲያኑ የክርስትና ስሙን ሲሸሽግ፣ ተገዶ የተጠመቀው ሙስሊም የሚሸሽገው እስላማዊ ስሙን ነበር። በዛሬዋ ወሎ አንዱ ወገን የሌላውን ስም ይዞ መገኘቱ፣ አባትና ልጅም በሁለት ሃይማኖት ስሞች መጠራታቸው ብዙውን ጊዜ የመቻቻል ፍሬ ተደርጎ ይተረካል። ይህ እውነት ቢሆንም ከፊሉ የመጣው ከዚህ አስገዳጅ ዘመን መሆኑን መዘንጋት ታሪኩን ከልክ በላይ ማጣፈጥ ነው።

በእስልምና ሥርዓት ስም ለማውጣት የሚመረጠው ሰባተኛው ቀን ነው። በዚያ ዕለት ዐቂቃ ይታረዳል፤ ዐቂቃ ለተወለደው ሕፃን ምስጋና የሚሠዋ በግ ወይም ፍየል ሲሆን፣ በተለመደው ሥርዓት ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ ነው። ሰባት ቀን አጭር ስለሆነ የልደቱና የስሙ በዓል ተቀራርበው ይገኛሉ፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ነዋሪዋ ሙስሊም በሆነው በደጋንና በአካባቢዋ የቃሉ ወረዳ ቀበሌዎች የበዓል ስም የልደትን ጊዜ በቀጥታ ሊያመለክት ይችላል። ወንዶቹ ረጀብ፣ ሻዕባንና ረመዳን እየተባሉ የወሩን ስም ይወርሳሉ። ሴቶቹ ግን የስፍራውን ስም ይወስዳሉ፤ አረፋ ሐጃጆች በዙልሒጃ ወር ዘጠነኛ ቀን የሚቆሙበት ሜዳ ነው፣ ሰፋና መርዋ እናታችን ሐጀር ለሕፃን ልጇ ውኃ ፍለጋ የተመላለሰችባቸው ሁለት ኮረብቶች ናቸው፣ ዘምዘም የፈለቀላት ውኃ ነው፣ መካና መዲናም የታወቁ ከተሞች ናቸው። በክርስቲያኑ በኩል ያሉትን ቤተልሔም፣ ጽዮንና ቃና ከእነዚህ አጠገብ ያስቀመጠ ሰው የሁለቱም ሃይማኖት እናቶች ለሴት ልጃቸው በዓሉ የተፈጸመበትን ምድር ሲመርጡ እንደኖሩ ያያል። ቃና ጌታ ውኃውን ወደ ወይን ጠጅ የለወጠባት የገሊላ ከተማ ስትሆን፣ በዓሏ በጥምቀት ማግሥት ጥር 12 ይውላል።

ከእነዚህ ውስጥ አረፋ ዕድሜን ለሚቆጥር ሰው አስቸጋሪ ስም ነው። የሂጅራ ዘመን አቆጣጠር ጨረቃን ስለሚከተል ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያንሳል፤ በዓሉም በየወቅቱ እየዞረ ወደ መነሻው የሚመለሰው ከ33 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ1983 ዓ.ም. አረፋ በሰኔ አጋማሽ ዋለ፤ በ2000 ዓ.ም. በታኅሣሥ፣ በአጨዳና በውቂያ ሰሞን ተከበረ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሰኔ ተመለሰ። ስለዚህ አረፋ የተባለች ሴት በስሟ ብቻ በክረምት መግቢያ ይሁን በበጋ መወለዷን ማወቅ አይቻልም። ፋሲካ የተባለችው ግን ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ካለው ጊዜ አትወጣም። በ2015 ዓ.ም. ሁለቱ አቆጣጠሮች ተቀራርበው ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ዒድ አልፈጥር ሚያዝያ 13 ውለዋል፤ የሁለቱ እምነት ዘመዶች በአንድ ግቢ በሚኖሩበት በወሎ እንዲህ ያለ ሳምንት ለስም አውጪዎች ሰፊ ምርጫ ያቀርባል።

የመውሊድ፣ ማለትም የነቢዩ ሙሐመድ ልደት፣ አከባበር በአገሩ ሥር የሰደደው በአልቡኮ በሚገኘው በጀማ ንጉሥ የእስልምና ማዕከል በኩል ነው፤ ማዕከሉን ያቋቋሙት በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያና በ19ኛው መባቻ የኖሩት ሼኽ ሙሐመድ ሻፊ ናቸው። ይህን ያህል ዕድሜ ያለው በዓል በመንግሥት ዘንድ የዕረፍት ቀን ለመሆን ግን እጅግ ዘግይቷል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው ታላቅ የሙስሊሞች ሰልፍ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ የበዓላቱ መታወቅ ነበር፤ መውሊድ፣ ዒድ አልፈጥርና አረፋም በ1967 ዓ.ም. በሕዝብ በዓልነት ተደነገጉ። በመንግሥት የቀን መቁጠሪያ ላይ ያልነበረው በዓል በሴቶች ስም ላይ ከዚያ አስቀድሞ ተጽፎ ቆይቷል።

ልማዱ የኢትዮጵያ ብቻም አይደለም። በሩሲያና በምዕራቡ ዓለም የታወቀው ናታሊያ የገናን ዕለት ከሚያመለክት የላቲን ቃል፣ አናስታስያ ትንሣኤ ከሚለው የግሪክ ቃል የወጡ ናቸው። ቲፋኒ የሚለውም በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝና በፈረንሳይ በጥምቀት በዓል ሰሞን ለሚወለዱ ልጃገረዶች ይሰጥ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው በአሜሪካዊ የጌጣጌጥ መደብር ምክንያት ነው። ሥሩ የአምላክ መገለጥ የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ቃል ነው፤ የእኛም ቤተ ክርስቲያን ጥምቀትን ኤጲፋንያ ስትል ከዚያው ቤተሰብ የወጣ ቃል ትጠቀማለች።

ዛሬ ያልተለመደ ስም የሚፈልጉ ወላጆች ዋናውን በዓል ትተው በዙሪያው ያሉትን ዕለታት ያስሳሉ። ከፋሲካ ይልቅ የማግሥቱ ሰኞ ማዕዶት ትመረጣለች፤ ማዕዶት ከሞት ወደ ሕይወት መሻገርን ታስባለች። በሙስሊሙም ዘንድ ኢስራ፣ በረጀብ 27ኛ ሌሊት የሚታሰበው የነቢዩ የሌሊት ጉዞ፣ ከሁለቱ ዒዶች ይልቅ ለሴት ልጅ ስም ተስማምቷል። ምርጫው ግን ድምፅን ብቻ የሚከተል አይደለም። የዐቢይ ጾም ሳምንታት ስሞች ይህን ያሳያሉ፤ ሁለተኛው ሳምንት ቅድስት ስለሚባል ለብዙ ሴቶች መጠሪያ ሆኗል፣ የመጨረሻው ሆሣዕናም አሁን እየተከተለው ነው፣ መፃጉዕ የተባለውን አራተኛውን ሳምንት ግን፣ ለ38 ዓመት የታመመው ሰው መታሰቢያ በመሆኑ፣ በዚያ ሳምንት ቢወልድም ለልጁ የሚሰጥ ወላጅ አይኖርም።

ስሙ ከዕለቱ እየተላቀቀ የመጣበት አንዱ ምክንያት የልደት ምስክር ወረቀቱ ሳይሆን አይቀርም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ ሥራው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲጀመር የልደት ቀን በመዝገብ ስለሚሰፍር፣ ስሙ የቀን ማስታወሻ ሆኖ ማገልገሉ ቀረ፤ በሐምሌ የተወለደችም ሆሣዕና ልትባል ትችላለች። አዋጁ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። በደጋን በሰባተኛው ቀን ስሟ የወጣላት ሕፃን ወላጆች ወደ ቀበሌው ለመሄድ 83 ቀን ይተርፋቸዋል፤ በደሴ የልጃቸውን ክርስትና ጠብቀው፣ ምናልባትም የካህኑን ስም ከመጠሪያዋ አጠገብ ለማስመዝገብ አስበው የሚቆዩት ግን ከ80ኛው ቀን በኋላ የሚቀራቸው 10 ቀን ብቻ ነው።