ከጥቁር ሰሌዳ ወደ ግንብ
የጎንደር ነገሥታት ግንቦቻቸውንና አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያሠሩ ከድንጋዩና ከእንጨቱ ሥራ ብዙውን የተሸከሙት ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። በጦርነት ርስታቸውን ካጡ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ግንበኝነትና ወደ አናጢነት ገቡ፤ የአለቆቻቸው ሙያ በቤተ መንግሥት ተከብሮ በጅሮንድ የሚል ማዕረግ የተሰጣቸውም አሉ። ትምህርቱ ግን ከቤተሰብ አልወጣም። ልጅ በአባቱ ሥር ድንጋይ እያቀበለ ያድጋል፣ ዓይኑ ሲለምድ መሮ ይጨብጣል። ከዚያ ወገን ያልተወለደ ሙያውን የሚማርበት በር አልነበረውም። ባለ እጅን የመናቅና የመፍራት ልማድም በሩን ይበልጥ አጠበበው።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር ጉድለቱ ፊት ለፊት ታየ። በቤተ መንግሥቱና በከተማዋ ግንባታ ላይ ከህንድ የመጡት ሐጂ ከዋስና ወሊ መሐመድ፣ አርመኑ ሙሴ ሚናስ ኸርቤኪያን፣ በአራዳው ጊዮርጊስ ካቴድራል ደግሞ አድዋ ላይ ተማርኮ እዚሁ የቀረው ጣሊያናዊ ሴባስቲያኖ ካስታኛ ስማቸው ይነሳል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። በአዋጅ ስድብን መከልከል ትልቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ ወጣቱን ወደ ሙያው የሚያስገባ ትምህርት ቤት እስኪመጣ ከሠላሳ ዓመት በላይ አለፈ።

ያ ትምህርት ቤት ተግባረ ዕድ ነው። ጣሊያን በተባረረ ማግሥት፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ዛሬ ሜክሲኮ አደባባይ በሚባለው አካባቢ ተከፈተ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በስዊድን ድጋፍ ሕንፃ ኮሌጅ ልደታ ላይ ሥራ ጀመረ፤ በኋላም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። ቀጥሎ በአሜሪካ እርዳታ የተስፋፉት ኮምፕሬሄንሲቭ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከቀለሙ ጎን የእንጨትና የብረት ሥራ ክፍል ይዘው መጡ። ሁሉም ጥሩ ጅምር ነበሩ። ከመሐንዲሱና ከቴክኒሻኑ በታች፣ ግንቡን በእጁ የሚያቆመው ሰው ግን በአብዛኛው በነዚህ በሮች አላለፈም።

እሱ የተማረው ሥራው ላይ ነው። መንገዱ ዛሬም ያው ነው። ልጁ መጀመሪያ በቀን ሠራተኝነት ይገባል፤ ሲሚንቶና አሸዋ ያቦካል፣ ባሬላ ይሸከማል። ወራት ቆይቶ የአንድ ግንበኛ ረዳት ይሆናል፤ ብሎኬቱን አርጥቦ ያቀብላል፣ የተረፈውን ሲሚንቶ ይጠርጋል። ግንበኛው ሁለቱን ማዕዘኖች ራሱ ያነሣል፣ በቱምቢ ያስተካክላል፣ በመካከላቸው ሲባጎ ይወጥራል። ረዳቱ እጁን የሚሞክረው እዚህ ነው፤ ሲባጎውን ተከትሎ መሐሉን ይሞላል። ብሎኬቱ ሲባጎውን ከነካ መስመሩ ተጣመመ ማለት ነውና አንሥቶ እንደገና ይደረድራል። ማዕዘን እንዲያነሣ የተፈቀደለት ቀን ግንበኛ ሆነ ይባላል፤ የቀን ሒሳቡም ይጨምራል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ማንም ስሙን አልመዘገበም። ፎርማኑ ሥራ ቢቀይር ልጁ ምን እንደሚችል የሚመሰክርለት ወረቀት የለውም።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን ሊያቃና ሞክሮ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ተማሪውን ለሁለት ከፈለው፤ ከፍ ያለ ውጤት ያመጣው ወደ መሰናዶ፣ የቀረው ወደ ቴክኒክና ሙያ፤ አሥር ሲደመር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባለ። አከፋፈሉ ግን በደል ነበረው። ሙያን ውጤት ላነሰው ብቻ መተው በወላጁም በተማሪውም ልብ ውስጥ የቆየውን ንቀት አጸናው።

ትልቁ ዕድል የመጣው በ1990ዎቹ መጨረሻ በኮንዶሚኒየም ነው። በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን፣ ከጀርመኑ የልማት ድርጅት ጂቲዜድ ጋር፣ ቦሌ ገርጂ ላይ 750 ቤቶች ለሙከራ ተሠሩ። ከዚያ የተነደፈው ፕሮግራም 400,000 ቤቶችን ብቻ ሳይሆን 200,000 የሥራ ዕድልና 10,000 ጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶችንም ያለመ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ገደማ በአገሪቱ 171,000 ያህል ቤቶች ተገንብተዋል። ለሙያው የበጀው የአሠራሩ ስልት ነው። የወለሉ አርማታ በአንድ ጊዜ ከሚሞላ ይልቅ ቀድመው የተመረቱ ቀጫጭን ቢሞች ይደረደራሉ፣ በመሐላቸው ክፍት ብሎኬት ይገባል፣ ከላይ ስስ አርማታ ይፈስሳል። ብሎኬት ማምረት፣ በርና መስኮት መበየድ፣ ቧንቧና ኤሌክትሪክ መዘርጋት ለየብቻው ለተደራጁ ወጣቶች ተሰጠ። ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ አንዷን ሥራ በሚገባ ተምሮ ሊገባበት የሚችል ቦታ በብዛት የተከፈተው ያኔ ነው። ኮብልስቶንም በዚያው ዘመን ተከተለ፤ በመዶሻና በመሮ ድንጋይ ለሚጠርቡ ብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆነ፣ ከመጥረብና ከማንጠፍ አልፎ ወደ ሌላ ሙያ ግን እምብዛም አላሻገረም።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ የተሻለውን ሐሳብ ይዞ መጣ። ሠልጣኙ 70 በመቶውን ጊዜ በድርጅት፣ 30 በመቶውን በኮሌጅ እንዲያሳልፍ አለ። ሲኦሲ ተብሎ በሚታወቀው የብቃት ምዘና ደግሞ ኮሌጅ ያልረገጠ ግንበኛም ችሎታውን አሳይቶ ማረጋገጫ እንዲወስድ ፈቀደ። ለዚያ ስሙ ላልተመዘገበ ረዳት ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ አልነበረም። ተግባሩ ግን ከወረቀቱ ወደኋላ ቀረ፤ ሳይት የተላከው ሠልጣኝ ቱምቢ ሳይጨብጥ ዕቃ ሲያመላልስ መዋሉ የተለመደ ቅሬታ ነው።

አሁን የአሥረኛ ክፍል ፈተና ቀርቷል፤ በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ገብቷል። በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት መካከል በሰፈሩ ከሚነሣ ሕንፃ ሥር ባሬላ ሊሸከም የሚሄደው ልጅ ብዙ ነው። ለሱ የሚያስፈልገው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስሙን የሚመዘግብ አሠሪ፣ ማዕዘን እንዲያነሣ የሚፈቅድለት ግንበኛ፣ የረዳትነት ወራቱንም ለምዘናው የሚቆጥርለት ኮሌጅ ነው።