ዓረብ አፍጋኖች

ዓረብ አፍጋኖች፦ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሶቪየት ኅብረትን ጦር ለመውጋት ወደ አፍጋኒስታን የዘመቱ፣ በአብዛኛው ከዓረብ አገሮች የመጡ ፈቃደኛ ተዋጊዎች መጠሪያ። የጦርነቱን ሸክም የተሸከሙትና በብዛት ያለቁት አፍጋናውያን ራሳቸው ናቸው፤ የዓረቦቹ ድርሻ በጦር ሜዳ አነስተኛ ነበር።

የዘመቻው ቀስቃሽ ፍልስጤማዊው የሃይማኖት ምሁር አብደላ አዛም ነበር። አፍጋኒስታንን መከላከል የእያንዳንዱ ሙስሊም የግል ግዴታ ነው ብሎ ሰበከ። በ1984 በፓኪስታን ፔሻዋር ከተማ «የአገልግሎት ቢሮ» የተባለ ድርጅት አቋቋመ። ቢሮው መዋጮ ይሰበስብ፣ መጽሔት ያሳትም፣ አዲስ መጪዎችን ተቀብሎ ያስተናግድ ነበር። ዋነኛ ገንዘብ አቅራቢው ሳዑዲያዊው ኦሳማ ቢን ላደን በ1987 አፍጋኒስታን ውስጥ ጃጂ በተባለ ስፍራ ከሶቪየት ጦር ጋር ተዋጋ፤ ውጊያው ትንሽ ቢሆንም ያተረፈለት ዝና ግን ትልቅ ነበር። በ1988 ቢን ላደን የሚመራው አልቃይዳ የተባለ ድርጅት ተመሠረተ። አዛም በኅዳር 1989 ፔሻዋር ውስጥ በቦምብ ተገደለ።

የሶቪየት ጦር በየካቲት 1989 ከወጣ በኋላ ብዙዎቹ ዓረብ ተዋጊዎች ወደየአገራቸው ተመለሱ። ሌሎች ወደ ቦስኒያና ቼችኒያ አቀኑ፤ ጥቂቶቹ በገዛ መንግሥታቸው ላይ መሣሪያ አነሡ። ኢትዮጵያም ከዚህ መዘዝ አላመለጠችም። በሰኔ 1995 የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ አዲስ አበባ ውስጥ ከግድያ ሙከራ ተረፉ፤ ከሴራው ጠንሳሾች መካከል የአፍጋኒስታን ዘማቾች ነበሩበት። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በጥር 1996 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 1044፣ ሱዳን በግዛቷ ተጠልለዋል የተባሉ ሦስት የሙከራው ተጠርጣሪዎችን ለኢትዮጵያ አሳልፋ እንድትሰጥ ጠየቀ።