ኤሲና ቁልቁለቱ፦ የመኪና ማቀዝቀዣ ጥገና በደሴና በኮምቦልቻ

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ማለዳ ከደሴ የሚነሳ ሾፌር ከቀዝቃዛ አየር ይልቅ የሚፈልገው የመኪናውን ማሞቂያ ነው። ይሁን እንጂ ከተማዋ የመንገድ ከተማ ናት፤ መንገዱም ቁልቁል ይወስዳል። የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨምሮ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወረድ ኮምቦልቻ ትገኛለች፣ ከ1,900 ሜትር በታች። ከዚያ በባቲ በኩል 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢኬድ ሚሌ ይደረሳል፤ ከፍታዋ 500 ሜትር ገደማ ነው፤ በሙቀቱ ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አንድ መኪና በግማሽ ቀን ደጋውን፣ ወይና ደጋውንና በረሃውን ያዳርሳል። ስለዚህ «ኤሲው ሙቅ አየር ይነፋል» ለሚል ሾፌር የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ላይ ሲደርስ?» የሚል መሆን አለበት።

የጣሊያን ጦር ደሴ የገባው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም ነበር። በወረራው ዓመታት አስመራን ከአዲስ አበባ ጋር በደሴ በኩል የሚያገናኘው ጎዳና ተሠራ፤ ከኮምቦልቻ ተገንጥሎ አፋርን አቋርጦ አሰብ የሚደርሰውም መንገድ ተከፈተ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም ከተቋቋመ በኋላ እነዚህ መስመሮች ታደሱ። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ከጀመረበት ከእ.ኤ.አ. 1967 አንስቶ ደግሞ ቦቴዎች በዚሁ መንገድ ይመላለሱ ጀመር። ኮምቦልቻ የመገንጠያዋ ከተማ በመሆኗ ከበረሃ የወጣ መኪና የሚያርፍባት፣ የሚታይባትና የሚጠገንባት ቦታ ሆነች።

የዚያ ዘመን የመንገዱ ጌታ ፊያት 682 ኤንትሬ የጭነት መኪና ነበር። ጋቢናው ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር አያውቅም። ሾፌሩ የነበረው መላ መስኮት መክፈት፣ በረሃውን በሌሊት ማቋረጥና ውሃውን እርጥብ ጆንያ ባለበሱት ጀሪካን ከመኪናው ውጭ ማንጠልጠል ነው። የጆንያው ዘዴ ቀላል ቢመስልም ሳይንሱ ትክክለኛ ነው፤ እርጥበቱ ሲተን ከጀሪካኑ ሙቀት ይወስዳል። በደረቁ የአፋር አየር በደንብ ይሠራል፤ አሰብ ሲቃረብ አየሩ ከባሕሩ እርጥበት ስለሚይዝ ውሃው ለብ ማለት ይጀምራል።

በዓለም ላይ የመጀመሪያው የፋብሪካ ኤሲ ያለው የሽያጭ መኪና እ.ኤ.አ. በ1939 የተዋወቀው ፓካርድ ነው። ጋዙን የሚጨምቀውን ኮምፕረሰር ከሞተሩ የሚያላቅቅ ማግኔት ስላልነበረው ቅዝቃዜ የማይፈልግ ሰው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ቺንጋውን ማውለቅ ነበረበት። ኋላ በመጡት መኪኖች ይህን ሥራ ማግኔቱ ተረከበ። የሐረጎን ዳገት የሚወጣ ሾፌርም በአንድ ቁልፍ ኤሲውን ያጠፋል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚያጣ ኮምፕረሰሩን ጨምሮ መሸከሙ ይከብደዋል። እንዳጠፋው ረስቶ ቁልቁል ሲመለስ «ተበላሸ» የሚል ሾፌርም አይጠፋም።

የማቀዝቀዣው ጋዝ አር-12 በነበረበት ዘመን ምርመራው በዓይንና በእጅ ነበር። ከማጣሪያው ጠርሙስ አናት ላይ ትንሽ የመስታወት ዓይን አለች፤ ሞተሩ እየሠራ በውስጧ አረፋ ከታየ ጋዙ ጎድሏል። ሁለቱን ቧንቧዎች በእጅ መዳሰስም ብዙ ይናገራል፦ ወፍራሙ፣ ወደ ኮምፕረሰሩ የሚመለሰው፣ ቀዝቅዞ ላብ ማውጣት አለበት፤ ቀጭኑ ደግሞ ይሞቃል። ሁለቱም እኩል ለብ ካሉ ወይ ጋዝ የለም፣ ወይ ኮምፕረሰሩ አይጨምቅም። ጋዝ የሚያፈስ መጋጠሚያ ራሱን ያጋልጣል። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ በመጋጠሚያው ዙሪያ ጥቁር፣ ቅባታም አቧራ ይለጠፋል። እዚያ ላይ የሳሙና አረፋ ሲቀባና አረፋው ቀስ እያለ ሲያብጥ ጥርጣሬው ያበቃል። የመጋጠሚያውን ጎሚኒ ሳይቀይሩ ጋዝ ብቻ መሙላት ግን ባለመኪናውን ለተመሳሳይ ወጪ መልሶ ማምጣት ነው።

አር-12 የኦዞንን ሽፋን እንደሚጎዳ ሲታወቅ እ.ኤ.አ. በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም በ1987 ዓ.ም ተቀላቀለች። ለታዳጊ አገሮች ጋዙ ሙሉ በሙሉ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ነው። ተተኪው አር-134ኤ ከአሮጌው ዘይት ጋር አይስማማም፤ ሞለኪውሉ አነስ ስለሚል በአሮጌ ጎማ ቱቦም ያፈስሳል። ዘይቱንና ቱቦውን ሳይቀይሩ አዲሱን ጋዝ አሮጌ መኪና ውስጥ መጨመር በወራት ውስጥ ኮምፕረሰሩን ሊያደርቀው ይችላል። የመስታወቷ ዓይንም ለአዲሱ ጋዝ አስተማማኝ ምስክር መሆኗ ቀረ፤ መለኪያ ሰዓት መያዝ ግድ ሆነ።

ደሴ ከቆላ ከተማ የምትለየው እዚህ ላይ ነው። ሰዓቱ የውስጡን ግፊት የሚያሳየው ከውጭው አየር ጋር አነጻጽሮ ነው፤ በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት በአሰብ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከጋዝ መሙላት በፊት አየርና እርጥበት በፓምፕ ሲሳብ መርፌው ከዜሮ በታች 0.75 ባር ላይ ይቆማል፤ በባሕር ጠለል ልክ የተጻፈው መጽሐፍ ግን 1 ባር ገደማ ይላል። ይህን ያላወቀ ጠጋኝ ደህናውን ፓምፕ ይወቅሳል ወይም የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል።

የባሰው ስህተት ግን መሙላቱ ላይ ነው። የአር-134ኤ ግፊት ከሙቀት ጋር ይወጣል ይወርዳል፦ በቆመ መኪና በ20 ዲግሪ 5 ባር ገደማ የነበረው በ40 ዲግሪ ከ9 ባር ያልፋል። በብርዳም የደሴ ጠዋት ሰዓቱ ዝቅተኛ ቁጥር ሲያሳይ «ገና አልሞላም» ብሎ መጨመር ሲስተሙን ያጨናንቀዋል። መኪናው ደሴ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ኮምቦልቻም ደህና ይደርሳል። ከባቲ በታች ሙቀቱ ሲበረታ ግፊቱ ወደ 30 ባር ይጠጋና የግፊት መከላከያው ኮምፕረሰሩን ያጠፋዋል፤ ሙቅ አየር መንፋት ይጀምራል። ሾፌሩ ጋዝ አነሰ ብሎ ሌላ ቢያስጨምር ይብስበታል። መድኃኒቱ በመለኪያ ሰዓት ሳይሆን በሚዛን መሙላት ነው፤ ልኩ ብዙ ጊዜ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈ ወረቀት በግራም ተጽፏል፤ ለብዙ ትናንሽ መኪኖች ከ400 እስከ 700 ነው።

ሌላው የደጋ በሽታ ከጋዝ ጋር አይገናኝም። ማሞቂያው ሲሠራ ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ ውሃ ዳሽቦርድ ሥር ባለች ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ያልፋል። የውሃው ቫልቭ ወይም ሙቁን ከቀዝቃዛው የምትለየው በር ክፍት እንደሆነ ከተጣበቀ ኤሲው ያቀዘቀዘውን አየር ማሞቂያው መልሶ ያሞቀዋል። ኮምፕረሰሩን ከማውረድ በፊት ወደ ማሞቂያው የሚገባውን ቱቦ ለጊዜው ቆንጥጦ መፈተሽ ከብዙ ወጪ ያድናል።

በግንቦት 1990 ዓ.ም የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የኮምቦልቻ መኪኖች ግን አሁንም በሚሌ ያልፋሉ፤ ከዚያ በሰመራ አድርገው ወደ ጋላፊ ይቀጥላሉ። ኤንትሬን የተኩት እንደ ሲኖትራክ ያሉ መኪኖች ኤሲ ይዘው ስለሚመጡ ከራዲያተሩ ፊት ተቀምጦ የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣው ኮንደንሰር በበረሃው አቧራ መደፈኑ የተለመደ ብልሽት ሆነ። ኮንደንሰሩን ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ቀጫጭን ቅጠሎቹን ሳያጣምሙ፣ በቀስታ በሚፈስ ውሃ ማጠብ ይበቃል። ከባድ ግፊት ያለው የላቫጆ ውሃ ቅጠሎቹን አስተኝቶ ራሱ ይደፍነዋል።

በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ ጠጋኙ የኤሌክትሪክ መኪናንም ማወቅ አለበት። የኤሌክትሪክ መኪና ኮምፕረሰር ቺንጋ የለውም፤ በብዙ መቶ ቮልት በራሱ ሞተር ይዞራል። ዘይቱም ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መሆን ስላለበት የተለመደው ዘይት የነካው ቱቦና መለኪያ ሊገጠምለት አይገባም። በብዙዎቹ መኪኖች ባትሪውንም የሚያቀዘቅዘው ይኸው ሲስተም ነው፤ ጋዙ ያለቀበት እንዲህ ያለ መኪና ሚሌ ላይ ሾፌሩን ከማላብ አልፎ ቻርጅ ማድረጉንም ያዘገያል።